የማይፈስ ማርማላታ

ጥሩአየሁ ያን ዕለት ማንኪያዋን ከራሷ ጠርሙስ ውስጥ ስለምን እንዳልነከረች እስከ ዛሬ የመለሰ የለም። መተማ ዮሐንስ መልስ የማያጣ ከተማ ነው። ዝናብ ሲዘገይ የማን ኃጢአት እንዳዘገየው ያውቃል፤ የጭነት መኪና መንገድ ላይ ሲያድር ሹፌሩ የት እንዳደረ ያውቃል። ይህን ግን አላወቀም። አንዱ «አርጅታለች፣ ዓይኗ ደክሟል» አለ፤ ዓይኗ ግን ከማሳ ማዶ ሰሊጥና ኑግ ይለይ ነበር። ሌላው «ፈርታ ነው» አለ፤ እሷን ፈርታ ያያት ሰው ደግሞ ገና አልተወለደም። ራሷን የጠየቋትም ነበሩ። «እጄ ነው የሄደው፤ እጄን ጠይቁት» ብላ ቀኝ እጇን ትዘረጋላቸዋለች። እጇም በበርበሬ የነደደ፣ በስኳር ፍላት የተጠበሰ፣ ምንም የማይናገር እጅ ነው።

ጥሩአየሁ የጭልጋ ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመት ሲሆናት ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሰሊጥ ለማጨድ ወደ ቆላ ወረደች። «ሁለት ወር አጭደን፣ በሬ የሚገዛ ብር ይዘን እንመለሳለን» ብለው ነበር የወጡት። ወንድሟን ንዳድ በሦስት ቀን ጨረሰው። ብቻዋን ወደ ደጋ ተመልሳ ለእናቷ ምን እንደምትል ስታስብ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ሲመጣ ማሰቡን ተወችው። ጓንግ ወንዝ ዳር የጥጥ እርሻ የነበረው አንድ ፈረንጅ ቤት ገባች፤ መጀመሪያ ውኃ ቀጂ፣ ቀጥሎ ድስት አጣቢ፣ በመጨረሻም የወጥ ቤቱ አዛዥ ሆነች።

የፈረንጁን ሚስት ሲኞራ ይሏታል። ሲኞራ መተማን ትጠላ ነበር። ሙቀቱን፣ ዝንቡን፣ አቧራውን፣ ባሏን ሳይቀር ትጠላለች። የምትወደው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ወንዙ ዳር በመስኖ የሚበቅለው ቀይ በርበሬ። እሱን በስኳርና በሎሚ አፍልታ ማርማላታ ታደርገዋለች፤ ብርሃን የሚያሳልፍ፣ እንደ ቀይ መስተዋት የጠራ፣ ሲቀምሱት መጀመሪያ የሚጣፍጥ፣ ቀጥሎ ጉሮሮ ላይ እሳት የሚያነድ። ጥሩአየሁ ከዚህች ሴት ሙያውን ተማረች፤ ከሙያው ጋር ንቀቱንም ወሰደች። ሙያው ሦስት ዓመት ፈጀባት። ንቀቱ አንድ ክረምትም አልፈጀ።

ሙያው ለሰሚ ቀላል ነው። በርበሬው ፍሬው ወጥቶ ይከተፋል፤ በሎሚ ጭማቂና በውኃ ይበስላል፤ በጨርቅ ይጠለላል፤ የጠለለው በስኳር ይፈላል። ሞኝ እዚህ ላይ የጨረሰ ይመስለዋል። በርበሬ ግን በራሱ አይረጋም፤ ዓመት ቢያፈሉት ሽሮፕ ነው። የሚያረጋው ሰው የሚጥለው ነገር ነው፤ የሎሚው ፍሬና ልጣጭ። ጥሩአየሁ እሱን በነጭ ጨርቅ ቋጥራ አብራ ትቀቅላለች፤ ቋጠሮውን ጨምቃ የሚወጣውን ዝልግልግ ወደ ድስቱ ትመልሳለች። መድረስ አለመድረሱ ደግሞ የሚታወቀው በቀዝቃዛ ሳህን ላይ ጠብ አድርገው ሲያዩት ነው። መተማ ውስጥ ቀዝቃዛ ሳህን ከየት ይመጣል? ሲኞራ በላምባ የሚሠራ ማቀዝቀዣ ነበራት። ጥሩአየሁ ያላት ከድንበሩ ማዶ፣ ከገላባት የተገዛ ዚር ነው፤ ሆዱ እያላበ ውኃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን። ከድስቱ አንዲት ጠብታ በማንኪያ ጫፍ አንሥታ የዚሩ ሆድ ላይ ታሳርፋታለች። ጠብታዋ ወደ ታች ከሮጠች እሳት ይጨመራል። ባለችበት ከቆመች ድስቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ በተቀቀሉ ጠርሙሶች በትኩሱ ይሞላል፣ ባለ ጎማ ክዳናቸው ይገጠማል፣ ከሥሩ ገለባ በተነጠፈበት በርሜል ውስጥ ጠርሙሶቹ እንደገና ይቀቀላሉ። ወጥተው ሲቀመጡም ማንም አይነካቸውም። ሲረጋ የነካካ ሰው በጥሩአየሁ ሕግ እጁ ይቆረጣል።

በ1967 እርሻው የመንግሥት ሆነ። ሲኞራ ሁለት ሻንጣ አንጠልጥላ ስትወጣ ለጥሩአየሁ አንድ የመዳብ ድስትና አሥራ ሁለት ጠርሙስ ትታላት ሄደች። ከተማው ወዲያው አወቀ፤ ጠርሙሶቹ ውስጥ ወርቅ ነበረ። ሁለት ዘበኞች መጥተው ፈተሹ። አንዱ ክዳን ከፍቶ ጣቱን ነከረና ላሰ። ምላሱን አውጥቶ እያራገበ፣ «በርበሬና ስኳር? ይህች ሴትዮ ጤነኛም አይደለች!» ብሎ ወጣ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም እንዲቀምስላት አልፈቀደችም። «ምላሳችሁ ሽሮ የለመደ ነው፤ አታድክሙት» ትላለች።

ከባዱ ነገር ስኳሩ ነበር። ስኳር ከሕብረት ሱቅ በካርድ ነው የሚወጣ፤ ለአንድ ራሷ ለምትኖር ሴት በወር ግማሽ ኪሎ፣ እሱም ከመጣ። ጥሩአየሁ ያችን ግማሽ ኪሎ ወደ ሻይዋ አስገብታት አታውቅም። ዓመቱን ሙሉ ሻይ በመራራው ጠጥታ፣ ቋጥራ ቋጥራ፣ ሦስት ጠርሙስ የሚወጣው ማርማላታ ትሠራለች፤ እሱንም በትንሽ ብረት ድስት። የመዳቡ ድስት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። በየሳምንቱ በሎሚና በአመድ ትወለውለዋለች፤ የሚፈላበት ግን የለም። ሰው ቤቷ ሲገባ ያበራበታል። «ምን ትሠሪበታለሽ?» ሲሏት «እሞላዋለሁ» ትላለች። ሌላ ምኞት አልነበራትም። ባል አልፈለገችም፣ ቤት አልፈለገችም፣ ያን ድስት አንድ ቀን እስከ አፉ ሞልታ ማፍላት ፈለገች። ይህን የሰሙ ሴቶች ከንፈራቸውን መጠጡላት፤ እነሱ ራሳቸው የተመኙት ነገር ምን እንደሆነ ቢጠየቁ ግን ሁለት ቀን ያስቡ ነበር።

በ1976 መጋቢት ላይ አሰፋች ከጎንደር ተመለሰች። አሰፋች የቀበሌው የሴቶች ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ሠላሳ ያልሞላት፣ ጉንጯ ሞላ ያለ፣ ስትናገር ሁልጊዜ ሸንጎ ፊት ያለች የምትመስል። ጎንደር ሃያ አንድ ቀን የቤት አያያዝ ሥልጠና ወስዳ ነበር። ዶሮ በሃያ አንድ ቀን ጫጩት ታወጣለች፤ አሰፋች በሃያ አንድ ቀን ባለሙያ ሆና ወጣች። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች የሚባለው ለሷ ነበር። በእጇ ቀጭን የሥልጠና ደብተር ይዛ ሴቶቹን አዳራሽ ሰበሰበች።

«ጓዶች! በርበሬ ኋላ ቀር በሆነ መንገድ ደርቆ፣ ተደልዞ ብቻ ሲበላ ኖሯል። ከእንግዲህ በሳይንሳዊ ዘዴ ማርማላታ ይሆናል። በሠራተኞች ቀን ሸሕዲ ላይ ኤግዚቢሽን አለ። ከጎንደር እንግዳ ይመጣል። ሥራው ለተመረጠ ሰው የማርማላታ ጎጆ ኢንዱስትሪ ይከፈትለታል፤ በዓመት አሥር ኩንታል ስኳር ይመደብለታል፤ ሠሪዋም ኃላፊ ትሆናለች።»

ጥሩአየሁ ከኋላ ተቀምጣ ነበር። «አሥር ኩንታል» የሚለውን ስትሰማ የመዳቡ ድስት ዓይኗ ላይ መጣ። ቀና አለች።

«አሰፋች፣ በርበሬው በምን ይረጋል?»

«በሳይንስ!»

«ሳይንሱ ስንት ማንኪያ ነው?»

አዳራሹ ሳቀ። አሰፋች ደብተሩን ጠረጴዛ ላይ መታችው።

«ጓድ ጥሩአየሁ፣ ፌዝ የአድኃሪያን ጠባይ ነው።»

«ጓድ የምትይኝ፣ አብረን ምን ዘርፈን ነው? ይልቅ እኔም እሠራለሁና መዝግቢኝ።»

አሰፋች ልትከለክላት ፈልጋ ነበር፤ ሃምሳ ሴት እያየ ግን ድፍረቱ ከየት ይመጣል። መዘገበቻት። የአሰፋች ጠርሙሶች ቁጥር አንድ፣ የጥሩአየሁ ቁጥር ሁለት ተባሉ።

ጥሩአየሁ እስከ መጋቢት ያጠራቀመችውን ስኳር ሁሉ አወጣች። በማለዳ፣ ሙቀቱ ሳይነሣ አፈላች። ጠብታዋ ዚሩ ላይ ቀጥ ብላ ስትቆም ድስቱን አወረደችው። ሦስት ጠርሙስ ሆነ። ከዚያ ጠርሙሶቹን ፍየል እንዳይነካቸው፣ ድመት እንዳይዘልባቸው አንገረቧን በር ላይ ገትራ ትጠብቅ ጀመር። ያ ከቃጫ የተጠላለፈ አልጋ ሦስት ሌሊት ተቀመጠችበት እንጂ አልተኛችበትም።

አሰፋች ግን ከሕብረት ሱቁ አምስት ኪሎ ስኳር አስወጥታ አንዴ አፈላች፤ ፈሰሰ። ዳግም አፈላች፤ አረረ። የሎሚውን ፍሬ ከመጀመሪያው ዕለት ጀምሮ ለዶሮ በትናዋለች። «ጎንደር እኮ ረግቶ ነበር!» እያለች አለቀሰች። በመጨረሻ ደብተሩ ላይ «ጀላቲን» የሚል ቃል አገኘችና ገላባት ሱቅ ላለው ለነጋዴው ለኸሊፋ ላከችበት። ኸሊፋ ከገዳሪፍ አንድ ቆርቆሮ ዱቄት አስመጣላት። ዱቄቱ ገባ፤ ማርማላታው ረጋ። አራት ጠርሙስ። አሰፋች ቆርቆሮውን ቆሻሻ ላይ ወርውራ ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አሳየች።

ቆርቆሮውን ያነሣችው ረቢዓ ናት። ረቢዓ የግመል ነጋዴ ሚስት፣ የጥሩአየሁ የአጥር ጎረቤት፣ ቁርኣን የቀራች፣ ዓረብኛ የምታነብ ናት። ያኔውኑ እየሳቀች አጥሩን ተሻግራ መጣች።

«ጥሩዬ! የአሰፋችን ሳይንስ አገኘሁት!»

«ምን ይላል?»

«የከብት አጥንትና ቆዳ ነው ይላል። የላም ራስ ተሥሎበታል። ሐላል ነው፣ በእስላም የታረደ። እንግዲህ እንኳን ደህና መጣችሁ፤ ማዕዳችን ሰፊ ነው!»

ጥሩአየሁ ሳቋ መጣ፤ ጠርሙሶቹን እንዳታናውጥ ግን አፏን ያዘች። «ታዲያ አንቺማ ትበዪዋለሻ።»

«እኔ? በአሰፋች ድስት? የዛሬ ሳምንት ለፋሲካ ዶሮዋን የሠራችበት አይደለም እንዴ! አላህ ይጠብቀኝ።»

ስለዚህ አገሩ እንዲህ ነው። ክርስቲያኑ የእስላም ሥጋ አይበላም፣ እስላሙ የክርስቲያን ሥጋ አይበላም። አብረው ይነግዳሉ፣ አብረው ያለቅሳሉ፣ ብድር ይበዳደራሉ፤ ሥጋ ላይ ሲደርስ ግን እያንዳንዱ ወደ ቤቱ ይገባል። አሰፋች ደግሞ ሁለቱም ወገን የማይበላው ምግብ በመሥራት ከመተማ የመጀመሪያዋ ሆነች። ሳይንስ ማለት ይህ ከሆነ እውነትም ሃያ አንድ ቀን ይበቃዋል። ሲመሽ ወሬው ከጉምሩኩ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደርሶ ነበር፤ ለአሰፋችም ደረሰ። ሌላ ለማፍላት ግን ስኳሩም ቀኑም አልቋል።

ሚያዝያ 23 ማለዳ ሴቶቹ በጥጥ መኪና ላይ ተጭነው ወደ ሸሕዲ ሄዱ። ጥሩአየሁ ሦስቱን ጠርሙሶች በእርጥብ ጆንያ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። አሰፋች አራቱን በክፍት ሣጥን፣ ከመኪናው ጠርዝ ላይ አደረገች፤ መንገደኛ አይቶ እንዲያደንቅ። መንገደኛው አላደነቀም፤ ፀሐይዋ ግን አየችው። አጥንት ያረጋውን የመተማ ሚያዝያ ያፈሰዋል። ሸሕዲ ሲደርሱ የቁጥር አንድ ማርማላታ ጠርሙሱ ውስጥ ወዲህና ወዲያ ይላል።

ጥሩአየሁ አየችው። «አሰፋች፣ ሳይንሱ ወደ አገሩ ሊሻገር ነው መሰለኝ፤ መንገድ ጀምሯል» አለቻት። አሰፋች ሣጥኑን በነጠላዋ ሸፈነችው።

ዳሱ በሸራና በቆርቆሮ የተሠራ ነው፤ ውስጡ ምጣድ ነው። በጠረጴዛዎቹ ላይ ሰሊጥ፣ ጥጥ፣ ሙጫ ተደርድሯል፤ ደጃፉ ላይ ሞተር የሌለው ትራክተር ቀይ ቀለም ተቀብቶ ቆሟል። የጎንደሩ እንግዳ በክራቫት ላብ በላብ ሆኖ መጣ፤ ከጎኑ የአካባቢው ካድሬ ውባንተ፣ ሽጉጥ የታጠቀ፣ በየጥቅሱ መጨረሻ ጉሮሮውን የሚጠርግ ሰው። ማርማላታው ዘንድ ሲደርሱ ውባንተ አዘዘ።

«አምራቾቹ ይቅደሙ። ቀምሰው ያቅምሱን።»

አሰፋች ማንኪያውን አነሣች። ከጀርባዋ የማኅበሯ ሴቶች ቆመዋል። የእስላም ሥጋ በአደባባይ ከቀመሰች ነገ ጽዋ ማን ያቀብላታል? ማንኪያውን መልሳ አስቀመጠችው።

«ምነው?» አለ ውባንተ። ወደ ሴቶቹ ዞረ። «እናንተስ? ማንም ይሁን፣ ከየትኛውም ይሁን፣ አንድ ሰው ይቅመስ!»

ሃምሳ ሴት መሬት መሬቱን አየ፤ ቁጥር ሁለትን መቅመስም ቁጥር አንድን ማጋለጥ ነበር። ረቢዓ ሻሿን አስተካከለች። ከኋላ አንዷ፣ ያስረዳች መስሏት፣ በለሆሳስ «ከማዶ የመጣ ዱቄት አለበት…» አለች።

«ከማዶ?» ውባንተ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። እጁ ወገቡ ላይ አረፈ። «ምን ዱቄት ነው ከማዶ የሚመጣ? ለእንግዳ በሚቀርብ ምግብ ውስጥ? የሠራችሁት ሰዎች የማትቀምሱት ምን ስላለበት ነው?»

ያን ጊዜ ማዶ ማለት ሱዳን ብቻ አልነበረም። ማዶ ማለት ጠመንጃ ይዞ ጫካ ያለው ሁሉ ነው። «መርዝ» የሚለውን ቃል ማንም አልተናገረም፤ ዳሱ ውስጥ ግን ሁሉም ሰማው። እውነቱን የሚናገርም አልተገኘ። «የእስላም ሥጋ ስለሆነ ነው» ቢባል እስላሙና ክርስቲያኑ በአንድ መፈክር ሥር በቆሙበት ቀን ሃይማኖትን ከሃይማኖት ማጋጨት ይሆናል፤ እሱም ያሳስራል። በዚህ በኩል እሥር ቤት፣ በዚያ በኩል እሥር ቤት፤ መሐል ላይ አሰፋች።

ጥሩአየሁ ይህን ሁሉ አይታ ጨረሰች። ነገሩ ለሷ እንደ ቀን ግልጽ ነበር። ወደ ፊት መራመድ፣ ከቁጥር ሁለት አንድ ማንኪያ መጉረስ፣ ማንኪያውን ለእንግዳው መስጠት። የሷ ማርማላታ ንጹሕ ነው፤ በርበሬ፣ ሎሚ፣ ስኳር። ይመረጣል። አሥሩ ኩንታል የሷ ነው። የመዳቡ ድስት እስከ አፉ ይሞላል። አሰፋች ደግሞ የዘራችውን ታጭዳለች፤ ሃያ አንድ ቀን ለተማረ ሰው ሃያ አንድ ቀን እሥር ምን አላት። ይህን አስባ፣ ወስና፣ ተራመደች። ማንኪያውን አነሣች። እጇ ወደ ቁጥር ሁለት ሄደ።

ከዚያ አልፎት ሄደ።

ቁጥር አንድን ከፍታ ሞልታ ቀዳች፤ ፈሳሹ ከማንኪያው ጫፍ እየተንጠባጠበ ጎረሰችው። ዋጠች። ሴቶቹ «እ!» ብለው ተነፈሱ። እንደገና ቀዳች፤ ሁለተኛውንም ዋጠች። ማንኪያውን ልሳ፣ ውባንተን ሽቅብ አየችው።

«መርዝ እንዲህ አይጣፍጥም፣ ጌታው። ማርማላታም እንዲህ አይፈስም። ዱቄቱ የማርጊያ ዱቄት ነው፤ ሙቀት አሸንፎታል። የዚህች ልጅ ጥፋት አለማወቅ ነው፤ አለማወቅን ማሰር ከጀመራችሁ እሥር ቤቱ አይበቃችሁም።»

የጎንደሩ እንግዳ ሳቀ። እሱ ከሳቀ ውባንተም ሳቀ፤ ውባንተ ከሳቀ ሁሉም ሳቀ። አገሩ በዚህ ሥርዓት ነበር የሚስቅ። እንግዳው ዳቦ አስመጥቶ ከቁጥር አንድ አፈሰሰበትና በላ። ጣቱን ላሰ። «በጣም ጥሩ! ዳቦ ላይ በቀላሉ ይቀባል» አለ። ቁጥር ሁለትን አነሣ። ገለበጠው። ማርማላታው ንቅንቅ አላለም፤ ቀይ፣ የጠራ፣ በውስጡ ብርሃን የቆመበት። እንግዳው ጠርሙሱን ነቀነቀው፤ አሁንም አልተንቀሳቀሰም።

«ይኼኛው ደርቋል» አለ። «ጊዜው አልፎበታል።»

መልሶ አስቀመጠው። ሃያ ዓመት የተሠራ ሙያ በአራት ቃል አለቀ። ሰውየው አንድም ማንኪያ አልነከረበትም። ጎጆ ኢንዱስትሪው ለቁጥር አንድ ተሰጠ፤ አሥር ኩንታል ስኳር፣ ኃላፊ ጓድ አሰፋች። ተጨበጨበ። አሰፋች ስታጨበጭብ እጆቿ እየተሳሳቱ አይገናኙም ነበር።

ሲመለሱ ረቢዓ ጋቢና ገብታ ነበር፤ መኪናው ላይ በጥሩአየሁ ዙሪያ ቦታ ተገኘ። በጠዋት ተጣበው የነበሩ ሴቶች አሁን እርስ በርሳቸው ተደራርበው ተቀመጡ፤ የእስላም ሥጋ የበላችን ሴት ልብሳቸው እንዳይነካት። ውኃ የያዘው ቅል በሁሉም ዞረ፤ እሷ ጋ ሲደርስ ዘለላት። ለሃምሳቸውም እሥራቱን ያስቀረችላቸው እሷ ናት፤ ይህን ግን ለማስታወስ ሸሕዲ ርቆባቸው ነበር። ጥሩአየሁ ከጆንያዋ ላይ እርጥበቱን ጨምቃ አፏን አበሰች። «ጥማችሁን ጠጡት» አለች፤ ለማን እንዳለች አልታወቀም።

አሰፋች ብቻ ነበረች ቀስ እያለች፣ በመኪናው መነጠር እየተንሸራተተች፣ አጠገቧ የደረሰችው።

«እትዬ ጥሩአየሁ።»

ጓድ አላለችም።

«ምን ሆንሽ?»

«እንዴት ነው የሚረጋው?»

ጥሩአየሁ ፊቷን ወደ ሜዳው አዞረች። የታረሰ ጥቁር መሬት፣ የተቃጠለ ሣር፣ በሩቅ የሚያለቅስ የመሰለ ሙቀት። «ተኝታለች በይኝ» አለች፤ ዓይኗ ግን እንደተገለጠ ነበር።

ቤቷ ሲደርሱ አሥር ሰዓት ሆኗል። ቄሱ ከሷ በፊት ወሬውን ሰምተው ደጃፏ ላይ ጠበቋት።

«በልተሻል አሉ።»

«ሁለት ማንኪያ፣ አባ።»

«አውቀሽ ነው?»

«አውቄ።»

ቄሱ ለንስሐ ቀኖና ሰጧት፤ በዓለ ሃምሳው ሲወጣ ሰባት ቀን ጾምና ስግደት፣ በስምንተኛው ጠበል። «ስለምን?» ብለው ጠየቋት ሊሄዱ ሲሉ። «እሱን እኔም ስጠይቅ ነው የመጣሁት» አለቻቸው።

ገብታ የመዳቡን ድስት አየችው። ከግድግዳው አላወረደችውም። እሳት አንድዳ ሻይ ጣደች። የሚያዝያ ስኳሯ፣ ያልተነካችው ግማሽ ኪሎ፣ በቆርቆሮ ውስጥ ነበረች። ረቢዓ አጥሩን ተሻግራ ስትመጣ ጥሩአየሁ በብርጭቆው ውስጥ አራተኛ ማንኪያ ስኳር ትጨምር ነበር።

«ጥሩዬ! ምን እያደረግሽ ነው? ለማርማላታውስ?»

«ማርማላታ አሰፋች ታፍላ። ስኳሩ የሷ ነው።» ቀመሰችው። ፊቷ ተኮሳተረ። «ዘጠኝ ዓመት ምን ቀረብኝ ብዬ ነበር። ይህን ነው እንዴ ሰው የሚሻማው?»

ረቢዓ ሳቀች። ቀጥላ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያቺ ልጅ በር ዘግታ ታለቅሳለች። በዓመት አሥር ኩንታል ስኳር ይዛ ምን ልታደርግ ነው? የሚመጣው ሁሉ ይፈስባታል» አለች።

ጥሩአየሁ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ተነሣች። ከመደርደሪያው ሥር ያደረቀችውን የሎሚ ፍሬና ልጣጭ አወጣች፤ ለሚቀጥለው ዓመት ያስቀመጠችውን። ቁራጭ ነጭ ጨርቅ ቀድዳ በውስጡ አደረገችው፤ አጥብቃ ቋጠረችው፤ ቋጠሮውን ረቢዓ ጭን ላይ ጣለችው።

«ለዚያች ጫጩት ስጪልኝ። ከበርበሬው ጋር ትቀቅለው፣ ከዚያ ትጭመቀው በያት። ድስቱን ከማውረዷ በፊት አንድ ጠብታ ዚር ላይ ታሳርፍ። ከሮጠች አልደረሰም፤ ከቆመች ደርሷል። ደብተሯ ላይ ጻፊው በያት፤ ሌላ ፍሬ ያለው ነገር የለበትም።»

«ራስሽ ለምን አትነግሪያትም?»

«ላናግራትማ አልፈልግም። መተማ ሾርባ ሸጠ ተብሎ ጎንደር ድረስ እንዳይሣቅብን ነው።»

ረቢዓ ቋጠሮውን በሻሿ ጫፍ አሰረችው። ልትወጣ ስትል ዓይኗ በሩ አጠገብ ወዳሉት ሦስት ጠርሙሶች ሄደ። «እነዚህስ?»

«አንዱን ውሰጂ። ያንቺም አምላክ የእኔም አምላክ የሚጠሉት ነገር የለበትም። ማንኪያውን ከቤትሽ አምጪ፤ ድስቴን እንዳትጠረጥሪ።»

«ምላሴስ? ሽሮ የለመደ አይደለም እንዴ?»

«ያንቺ የማዶውን ቂጣ፣ ኪስራ የለመደ ነው፤ ይሻላል።»

ረቢዓ ጠርሙሱን አቅፋ እየሳቀች አጥሩን ተሻገረች። ጥሩአየሁ አንገረቧን ከበር ላይ ወደ ዛፉ ጥላ ጎተተችው። ከእንግዲህ የምትጠብቀው ነገር አልነበረም። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። በመንገዱ ላይ ፍየሎች እየገቡ ነበር፤ ከቀበሌው ድምጽ ማጉያ የሠራተኞች ቀን መዝሙር ገና አልቆመም፤ ፀሐይም ከገላባት ጀርባ አልገባችም። ሦስት ሌሊት ያልተከደነው ዓይኗ ተከደነ። ረቢዓ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ ስትጠራት የሰማችው ማንኮራፋቷን ብቻ ነበር፤ ቤት ውስጥ ያለው የባሏ ሬዲዮ ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል አለ።